የፈንዲሻው ቁጥር ከየት መጣ? ስለ ‹‹ስውር መልእክት›› ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ መገናኛ ብዙኃንና የማስታወቂያ ድርጅቶች ዓይናችን ሳያያቸው በሚያልፉ ምስሎችና ጆሯችን በማይለያቸው ድምፆች ፈቃዳችንን እየነዱት ነው ሲል ያስጠነቅቃል። ጸሐፊው ለዚህ ስድስት ማስረጃዎች አቅርበዋል። እነርሱም በ1957 በአንድ የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ተደረገ የሚባለው የፈንዲሻና የኮካ ኮላ ሙከራ፣ የተሰወረ መልእክት እንደ ቅኔ ወርቅ ከግልጹ ይበልጥ ዘልቆ ይገባል የሚለው ንጽጽር፣ በመጠጥ ማስታወቂያ ውስጥ ተሸሽገው ተገኙ የተባሉ ቃላት፣ ወደ ኋላ ሲጫወቱ ክፉ ትእዛዝ ያሰማሉ የተባሉ ዘፈኖች፣ መንግሥታት ድርጊቱን መከልከላቸው፣ እንዲሁም በእንቅልፍ ሰዓት የሚደመጡ ‹‹ሰብሊሚናል›› (ከንቃተ ህሊና በታች የሚያልፍ መልእክት የያዙ) ቅጂዎች ሰውን ይለውጣሉ መባሉ ናቸው። ከዚህ በመነሣትም ወላጆች የልጆቻቸውን ፊልም ፍሬም በፍሬም (በእያንዳንዱ ነጠላ ምስል ላይ) እያቆሙ እንዲመረምሩ ይመክራሉ። አዋጅ ከምጠቅስበት አንድ ቦታ በስተቀር በዚህ ምላሽ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊውን ወደዚህ ርዕስ የመራቸው ለልጆች ያላቸው ሥጋት መሆኑን ከጽሑፋቸው መረዳት አያዳግትም፤ ሥጋቱን እኔም እጋራዋለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላም ምክንያት አለ። በመምህርነት በሠራሁባቸው ዓመታት የፈንዲሻውን ታሪክ እንደ ተረጋገጠ እውነት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። ከየት እንደ መጣ ሳልጠይቅ ከሰማሁበት ተቀብዬ አስተላልፌዋለሁ። ስለዚህ ይህ ምላሽ ለእነዚያ ተማሪዎችም የዘገየ እርማት ነው።

የቀሩት ማስረጃዎች ሁሉ የተደገፉት በፈንዲሻው ሙከራ ላይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ጄምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ ጥናት ባለሙያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1957 በኒው ዮርክ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ። በኒው ጀርዚ ግዛት ፎርት ሊ በምትባል ከተማ በሚገኝ ሲኒማ ቤት፣ ለስድስት ሳምንታት ያህል ፊልም እየታየ ሳለ ‹‹ርቧችኋል? ፈንዲሻ ብሉ›› እና ‹‹ኮካ ኮላ ጠጡ›› የሚሉ ቃላት በየአምስት ሰከንዱ፣ ለሰከንድ አንድ ሦስት ሺህኛ ብቻ፣ ብልጭ እያሉ እንዲያልፉ ማድረጉን ተናገረ። በእነዚያ ሳምንታት 45,699 ሰዎች ፊልሙን እንዳዩ፣ የኮካ ኮላ ሽያጭ 18 በመቶ፣ የፈንዲሻ ሽያጭ ደግሞ 57 በመቶ ያህል እንደ ጨመረም ገለጸ።

ጸሐፊው እስከዚህ ያለውን በትክክል አስፍረዋል። የተዉት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ቪካሪ የሙከራውን ዝርዝር በየትኛውም የሳይንስ መጽሔት ላይ አላወጣም። መልእክቱ ያልታየበት ተመሳሳይ አዳራሽ ለማነጻጸሪያ አልቀረበም፤ በእነዚያ ሳምንታት የአየሩ ሙቀት፣ የፊልሙ ዓይነትና የተመልካቹ ዕድሜ በሽያጩ ላይ ያመጡት ለውጥ ካለም የሚለይበት መንገድ አልነበረም። በ1962 ደግሞ ቪካሪ ራሱ ‹‹አድቨርታይዚንግ ኤጅ›› ለተባለው የማስታወቂያ ሙያ ኅትመት በሰጠው ቃል፣ የነበረው መረጃ ከድምዳሜ ለመድረስ የማይበቃ እጅግ ጥቂት እንደ ነበር አመነ። ሙከራውን አደረግሁ ያለው ሰው በራሱ አንደበት ያፈረሰውን ማስረጃ፣ ከስድሳ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ እንደ ጸና ምሰሶ አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ያሳስታል።

በዚሁ ነጥብ ላይ የሚታረም አንድ ቴክኒካዊ ስሕተትም አለ። ጽሑፉ ቃላቱ ‹‹በፊልሙ ጥቅል ውስጥ ተቆርጠው ገቡ›› ይላል። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ፣ በጥቅሉ ውስጥ የገባ አንድ ፍሬም ከሰከንድ አንድ ሃያ አራተኛ ባነሰ ጊዜ ሊታይ አይችልም፤ ይህ ደግሞ ከሰከንድ አንድ ሦስት ሺህኛ 125 ጊዜ ይረዝማል፤ አተኩሮ የሚያይ ሰውም ብልጭታውን ልብ ሊለው ይችላል። ቪካሪ የጠቀሰው ፍጥነት ከፊልሙ ማጫወቻ የተለየና በራሱ ብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ በቤት ቴሌቪዥን ላይ በሚጫወት ፊልም ‹‹ያው ነገር›› እየተደረገ ነው የሚለው አነጋገር በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጨርሶ ዘንግቷል።

የቪካሪ መግለጫ ሕዝብን ባስደነገጠበት በ1958፣ የካናዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ነገሩን በገሃድ ፈተነው። ተመልካቾች አስቀድሞ ስውር መልእክት እንደሚተላለፍ ተነገራቸው፤ ምን እንደሚል ግን አልተነገራቸውም። ‹‹አሁን ስልክ ደውሉ›› የሚለው ቃል በአንድ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ውስጥ 352 ጊዜ ብልጭ አለ። የስልክ ጥሪ ቁጥር አልጨመረም። ከዚያ ይልቅ ወደ 500 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ጎረፉ፤ ከጸሐፊዎቹም ብዙዎቹ እንደ ራባቸው ወይም እንደ ጠማቸው ገለጹ። ስለ ፈንዲሻና ኮካ ኮላ የሚናገረውን ወሬ ሰምተው ነበርና፣ የተሰማቸው ስሜት የተከተለው ወሬውን እንጂ በማያ ገጹ ላይ ያለፈውን ቃል አልነበረም። ስለ ጠቅላላው ጉዳይ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ይህ ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል እላለሁ፤ ስውር ትእዛዝ አልሠራም፣ ስለ ስውር ትእዛዝ የተነገረው በግልጽ የተሰማ ታሪክ ግን ሠርቷል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ጸሐፊው ከራሳችን ባህል ያመጡት ንጽጽር ቆም ብሎ መመርመርን ይጠይቃል። ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው፣ ወርቁም በሰሙ ውስጥ ተሰውሮ ልብን እንደሚነካ፣ ማስታወቂያም እንዲሁ በሚታየው ምስል ሥር የማይታይ ትእዛዝ ያስቀምጣል ይላሉ። እኔ ግን ንጽጽሩ የሚያስረዳው ተቃራኒውን ይመስለኛል። በቅኔ ቤት የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ወርቁ የሚሠራው ሲፈታ ነው። ሰሚው ኅብረ ቃሉን ያዳምጣል፤ ቃሉ የሚላላበትንና የሚጠብቅበትን፣ የሚጣበቅበትንና የሚነጠልበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ትርጉም ሲከሰትለት ይደነቃል ወይም ይሰቀቃል። ወርቁ ያልተገለጠለት ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ወርቁ ሳያውቀው ገብቶ ሐሳቡን ቀየረው የሚል የቅኔ መምህር የለም። የአገራችን የስውር ንግግር ጥበብ በሰሚው ንቃት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሰብሊሚናል የሚባለው ደግሞ ሰሚው ጨርሶ ሊነቃበት የማይችለው ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ‹‹ስውር›› የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ሰብሊሚናል የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣና ከበር ደፍ ጋር የተያያዘ ነው። ‹‹ሊመን›› ማለት ደፍ ሲሆን፣ ቃሉም አንድ ነገር ከንቃተ ህሊናችን ደፍ በታች መቅረቱን ያመለክታል። ጸሐፊው ይህን ደፍ ለሁሉም ሰው እኩል በሆነ ከፍታ የተቀመጠ አስመስለውታል። ደፉ ግን ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው ዘንድም እንደ ድካሙና እንደ ትኩረቱ ይለያያል። ምስሉ የቱን ያህል እንደሚያበራ፣ ተመልካቹ ከማያ ገጹ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ዓይኑም በዚያች ቅጽበት የት እንዳረፈ ሁሉ ይወስነዋል። በአንድ አዳራሽ ከፊት ለተቀመጠው የሚታይ ብልጭታ ከኋላ ለተቀመጠው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሳይታይ የሚገባ፣ ግን ለሁሉም በቂ የሆነ መልእክት ማዘጋጀት እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ስል አእምሯችን ያላስተዋልነውን ነገር ከቶ አይቀበልም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብል ጸሐፊው የሠሩትን ስሕተት በተቃራኒው መድገም ይሆንብኛል። በ1980 ኩንስት-ዊልሰንና ዛየንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ስእሎችን ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ደጋግመው አሳዩ። ተሳታፊዎቹ በኋላ የትኛውን እንዳዩ መለየት አልቻሉም፤ የትኛውን እንደሚወዱ ሲጠየቁ ግን ቀድሞ ወደ ታያቸው አዘነበሉ። በ2006 ካሬማንስና የሥራ ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ‹‹ሊፕተን አይስ›› የሚለው የመጠጥ ስም ሳይስተዋል ብልጭ ብሎላቸው ከነበሩ ሰዎች መካከል አስቀድመው የጠማቸው ይህን መጠጥ ወደ መምረጥ አዘነበሉ፤ ያልጠማቸው ግን አልተነኩም። በቤተ ሙከራ፣ አንድ ማያ ገጽ ፊት ለፊት አተኩሮ በተቀመጠ ሰው ላይ፣ ምርጫውም ወዲያው ሲቀርብ የታየ ትንሽ ዝንባሌ ነው። ያልጠማውን ሰው አላስጠማም፤ ያልፈለገውን አላስፈለገም። ጸሐፊው እነዚህን ጥናቶች ቢያነሡ ኖሮ ክርክራቸው ከቪካሪ ቁጥር ይልቅ ጠንካራ መሠረት ያገኝ ነበር፤ ነገር ግን ‹‹ፈቃዳችን እየተነዳ ነው›› የሚለውን ድምዳሜ እነዚህም አይሸከሙላቸውም።

ሦስተኛው ማስረጃ በ1973 ዊልሰን ብራያን ኪ ባሳተመው መጽሐፍ ከታወቀው ጂን የተባለ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። ኪ በብርጭቆው ውስጥ ባሉት የበረዶ ኩቦች ጥላ መካከል ስለ ወሲብ የሚናገር ባለ ሦስት ፊደል እንግሊዝኛ ቃል እንዳየ ጻፈ፤ ማስታወቂያውን ከ1,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች አሳይቶም ብዙዎቹ የስሜት መነሣሣት እንደተሰማቸው ዘገበ። ፊደሎቹ የሌሉበትን ተመሳሳይ ምስል ለሌላ ቡድን አሳይቶ ግን አላነጻጸረም። ስለዚህ ሰዎቹ የተሰማቸው ነገር ከፊደሎቹ ይምጣ፣ ከመጠጡ ምስል ወይም ከጥያቄው አቀራረብ መለየት አይቻልም። የሰው ዓይን ትርጉም በሌለው ነገር ውስጥ ትርጉም ፈላጊ ነው፤ በዕጣን ጢስ፣ በደመና፣ በሲኒ ቂጥ በቀረ የቡና አተላ ፊትና ፊደል ማየት የለመድነው ነገር ነው። አንድ ሰው ‹‹እዚህ ጋ ተመልከት፣ ይህ ፊደል ነው›› ብሎ በጣቱ ካመለከተን በኋላ ደግሞ አለማየት ይከብደናል።

አራተኛው፣ ወደ ኋላ የሚጫወቱ ዘፈኖች ጉዳይ፣ በጥንቃቄ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ የሁለት ወጣቶች ሕይወትና የቤተሰቦቻቸው ሐዘን አለበት። በ1985 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት ሁለት ጓደኛሞች በራሳቸው ላይ ተኮሱ፤ አንደኛው ወዲያው፣ ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ቤተሰቦቻቸው ‹‹ጁዳስ ፕሪስት›› የተባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በአንድ ዘፈን ውስጥ ‹‹አድርገው›› የሚል ስውር ትእዛዝ አስገብቷል በማለት ከሰሱ። ጸሐፊው ክሱን ነግረውን ፍርዱን ሳይነግሩን አልፈዋል። በ1990 ሪኖ ከተማ ላይ ጉዳዩን ያዩት ዳኛ፣ ‹‹አድርገው›› ተብሎ የተሰማው የዘፋኙ የትንፋሽ ድምፅና የጊታር ድምፅ በአጋጣሚ ተገጣጥመው የፈጠሩት እንጂ ታስቦ የገባ አለመሆኑን ወስነው ክሱን ውድቅ አደረጉ። ከላይ የጠቀስሁት ዊልሰን ብራያን ኪ ራሱ በዚያ ችሎት ለከሳሾች በባለሙያነት ቀርቦ መስክሮ ነበር።

ወደ ኋላ ስለሚሄድ ንግግርም ቢሆን ጥናት አለ። በካናዳ የሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ቮኪና ሪድ በ1985 ባወጡት ሥራ፣ ሰዎች ወደ ኋላ የሚጫወት ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት እንደሚለዩ፣ ዓረፍተ ነገሩ ጥያቄ ይሁን መግለጫ ግን በግምት ከሚገኘው በላይ መለየት እንደማይችሉ አሳዩ። ምን መስማት እንዳለባቸው አስቀድሞ ሲነገራቸው ግን የተነገራቸውን ‹‹ሰሙ››። በየድረ ገጹ የምናየው ወደ ኋላ የተገለበጠ ዘፈንም ሁልጊዜ ‹‹ትእዛዙ›› በጽሑፍ ተደርጎበት የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጽሑፉ ቢነሣ አብዛኛው አድማጭ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። አንድ ወላጅ ልጁ ዝም ማለት፣ ከሰው መራቅ፣ ተስፋ መቁረጥ ሲጀምር ዘፈኑን ወደ ኋላ ሲያጫውት የሚያጠፋው ሰዓት ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚችልበት ሰዓት ነው፤ ይህን የምለው ጸሐፊውን ለመውቀስ ሳይሆን ምክራቸው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ስለሚያስጨንቀኝ ነው።

‹‹ባይሠራ ኖሮ ባልተከለከለ›› የሚለው አምስተኛ ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። በ1973 አንድ የልጆች ጨዋታ ማስታወቂያ ‹‹ግዙት›› የሚል ብልጭታ ይዞ ከተላለፈ በኋላ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1974 ባወጣው መግለጫ እንዲህ ያለ ስልት ከሕዝብ ጥቅም ጋር እንደሚጋጭ አስታወቀ። ምክንያቱንም እዚያው ገለጸ፤ ውጤት ይኑረውም አይኑረው ዓላማው ማታለል ነው። የተከለከለው ለሐሰተኛነቱ እንጂ ለኃይሉ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረትም በድምፅና ምስል የሚተላለፉ ማስታወቂያዎች በዚህ ስልት እንዳይጠቀሙ በመመሪያው ከልክሏል፤ እኔም ክልከላውን እደግፋለሁ። ለማታለል የሞከረ ሰው ባይሳካለትም እንኳ ሞክሯልና።

ስድስተኛው ነጥብ ያሳዘነኝ ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ያስጠነቀቁበትን ነገር አንባቢያቸው ራሱ እንዲሸምት ይመራዋልና። በማዕበል ወይም በለስላሳ ሙዚቃ ሥር የማይሰሙ ቃላት የተቀዱባቸው፣ ስውሩን አእምሮ አሠልጥነው በራስ መተማመንን ወይም የማስታወስ ችሎታን ይጨምራሉ የሚባሉ ቅጂዎች ጥናት ያልተደረገባቸው አይደሉም። አንተኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ በ1991 ባሳተሙት ሙከራ ለማስታወስ ችሎታና ለራስ ግምት የተሠሩ ካሴቶችን ለፈቃደኞች ሰጡ፤ ለከፊሎቹ ግን ሳይነግሯቸው የካሴቶቹን ስም ለዋወጡባቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲለኩ ካሴቶቹ የገቡትን ቃል አልፈጸሙም። ሆኖም ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ በካሴቱ ላይ በተጻፈው ነገር እንደ ተሻሻሉ አመኑ፤ ‹‹ማስታወስ›› የሚል የተለጠፈበትን የወሰደ፣ በውስጡ ያለው ስለ ራስ ግምት የተቀዳ ቢሆንም፣ ማስታወሴ ጨመረ አለ። እዚህም እንደ ካናዳው ሙከራ ሰውን ያሳመነው በግልጽ ያነበበው ጽሑፍ ነው።

ስለ ወላጆች የተሰጠው ምክር ይቀራል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቆጠር 129,600 ፍሬሞች አሉት። ወላጁ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ቢመረምር፣ ፊልሙን አቋርጦ ለልጁ በግልጽ የሚቀርበውን የከረሜላ፣ የለስላሳ መጠጥና የአሻንጉሊት ማስታወቂያ ግን ‹‹ይህማ የሚታይ ነው›› ብሎ ያልፈዋል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን በ2004 ባወጣው ዘገባ፣ ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ማስታወቂያ ሊያግባባቸው የመጣ መሆኑን ለመረዳት እንደማይችሉና የሚነገራቸውን እንደ እውነት እንደሚቀበሉ አስታውቋል። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ማስታወቂያ መደበቅ አያስፈልገውም፤ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያናግረው ሳለ ዓላማው የተሰወረበት ነውና።

በእኛም አገር የሕግ አውጪው ያየው አደጋ የሚታየውን ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ ሲከለክል፣ በቢራ አረፋ ውስጥ የተሸሸገ ፊደል ፈልጎ አልነበረም። ልጆች በዓልን፣ ዘፈንን፣ የእግር ኳስ ደስታንና ጓደኝነትን ከጠርሙስ ጋር አያይዘው እንዳያድጉ ነው። ይህ ማያያዝ የሚሠራው በሙሉ ብርሃን፣ በመደጋገም ነው፤ ዛሬ ደግሞ ታዋቂ ሰዎች ክፍያ መቀበላቸውን ሳይናገሩ በሚያወድሱት ዕቃ በኩል በየስልካችን ገብቷል። ጸሐፊው ያላቸውን ብርቱ ብዕር በዚህ ላይ ቢያውሉት ከእርሳቸው ጋር አብሬ የምጽፍበት ጉዳይ ነው።

ጽሑፋቸው በድጋሚ የሚወጣ ከሆነ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ከ1957ቱ 18 እና 57 በመቶ ጎን፣ ቪካሪ በ1962 የሰጠውን ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ያስፍሩልን።